የዘጠኞቹ ሙግት

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ለምን እንደተጠፋፋን አልመረምርም፤ ሁለታችንንም ኑሮ ውጦናል። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ «0.999… ከ1 ያንሳል ወይስ እኩል ነው?» ብላ ጠየቀችኝና፣ ዶርም ውስጥ እንቅልፍ የነሳን ሙግትህ ትዝ አለኝ።

«ይጠጋል እንጂ አይደርስም» ትል ነበር። ሲሶ 0.333… ከሆነ፣ ሦስት ሲሶ 0.999… ነው፤ ሦስት ሲሶ ደግሞ አንድ ነው ብልህ፣ «0.333…ም ሲሶ አይሞላም» እንደምትለኝ አውቃለሁ። እሺ፣ ልዩነቱ ስንት ነው? የፈለግኸውን ያህል ትንሽ ቁጥር ጥራ፤ ልዩነቱ ከእሱም ያንሳል። የሚደርስ የማይደርስ ነገር የለም፤ ዘጠኞቹን አንድ በአንድ የምንጽፈው እኛ ነን እንጂ ቁጥሩስ ካለበት አይነቃነቅም።

ይህ ሙግት ከሌላው ሙግታችን ጋር፣ «ማለቂያ የሌለው ነገር ከማለቂያ የሌለው ይበልጣል ወይ?» ከምንባባልበት ጋር መገናኘቱ ነው እኔን የገረመኝ። ጋሊሊዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ መቁጠሪያ ቁጥሮችን ከካሬዎቻቸው ጋር አጣመረ፦ 1ን ከ1፣ 2ን ከ4፣ 3ን ከ9። ከሁለቱም ወገን የሚተርፍ ባይኖር «ይበልጣል፣ ያንሳል ለማያልቅ ነገር አይባልም» ብሎ ተወው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጌኦርግ ካንቶር ግን ማጣመሩን ራሱን መለኪያ አደረገው፤ እንግዳው ሁሉ አንድ አንድ ሲኒ ይዞ ባዶ ሲኒ ካልተረፈ፣ እኩልነታቸውን ለማወቅ መቁጠር አያሻም።

በዚህ መለኪያ ተደጋጋሚ አስርዮሾች በሙሉ ከመቁጠሪያ ቁጥሮች አይበልጡም። ሁሉም ክፍልፋዮች ናቸዋ! 1ን ለ7 ስታካፍል ቀሪው ከ1 እስከ 6 ካሉት አይወጣም፤ ስለዚህ አንዱ ቀሪ መመለሱ አይቀርም፣ 142857ም እንደገና ይጀምራል። ክፍልፋዮቹን የላዕልና የታህታቸው ድምር 2፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 4 እያልህ ብትደረድር ሁሉም ተራ ይደርሳቸዋል።

ጉዱ ያለው የማይደጋገሙት ዘንድ ነው። ካንቶር በ1891 ያቀረበው ዘዴ በአስርዮሽ ሲጻፍ እንዲህ ነው፦ ከ0 እስከ 1 ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ ደረደርሁ የሚል ዝርዝሩን ያምጣ። ከመጀመሪያው ቁጥር የመጀመሪያውን አሃዝ፣ ከሁለተኛው ሁለተኛውን እየለወጥሁ አዲስ ቁጥር እሠራለሁ፤ ከየትኛውም ጋር ቢያንስ በአንድ ቦታ ይለያያል፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከ0 እስከ 1 ያሉት ቁጥሮች ከመቁጠሪያ ቁጥሮች ይበልጣሉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጭንቁ የኔ ነው እንጂ ያንተ አይደለም። ላንተ 0.4999… እና 0.5 ሁለት ናቸው። እኔ አንድ ናቸው ስለምል፣ አዲሱ ቁጥር በሌላ አጻጻፍ ዝርዝሩ ውስጥ ተቀምጦ ቢገኝስ? መፍትሔው 0ንና 9ን አለመንካት ነው፦ አሃዙ 5 ከሆነ 6 ጻፍ፣ ካልሆነ 5። እንዲህ ያለው ቁጥር ሁለት አጻጻፍ የለውም። ያቺን እኩልነት ልብ ያላለ ሰው ማስረጃው ላይ ቀዳዳ ትቶ ያልፋል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። በእነዚህ በሁለቱ መጠኖች፣ በመቁጠሪያ ቁጥሮች ብዛትና ከ0 እስከ 1 ባሉት ቁጥሮች ብዛት መካከል ሌላ መጠን አለ? ካንቶር የለም ብሎ ገመተ፣ ማረጋገጥ ግን አቃተው። የሒሳብ ሊቁ ኩርት ጎደል በ1940 ባሳተመው ሥራ፣ ከተለመዱት የስብስብ መነሻ ሕጎች (ያለ ማረጋገጫ ከምንቀበላቸው መነሻዎች) ተነስቶ ግምቱን ውድቅ ማድረግ እንደማይቻል አሳየ፤ ፖል ኮኸን ደግሞ በ1963 ማረጋገጥም እንደማይቻል። ሕጎቹ እርስ በርስ እስካልተጣሉ ድረስ ማለት ነው። «አዎ ወይም አይደለም በለኝ!» እያልህ ጠረጴዛ የምትደበድብ ሰውዬ፣ ይህን ምን ትለዋለህ? መልስህን ጻፍልኝ።

ለእማማና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ያው ወንድምህ