መጽሐፍ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ አንድ አሳታሚ ለትምህርት ቤቶች መጻሕፍት ስለ መለገሱ ያወጣችሁትን ዜና አነበብኩ። ፎቶው ላይ ካርቶኖች ተደርድረዋል። ከኋላቸው ተማሪዎች ቆመው ያጨበጭባሉ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ካርቶኖቹ ውስጥ ምን ምን መጽሐፍ እንዳለ ለማወቅ ጓጓሁ። ዜናው ብዛታቸውን ነግሮናል፤ ርዕሳቸውን ግን አልነገረንም።

እኔ ሐዋሳ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። እዚህ ሥራ ላይ 14 ዓመት ቆይቻለሁ። የምጽፈው በእናንተ በኩል ለአሳታሚዎቻችን እንዲደርስልኝ ነው። ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ከሥራ ሰዓት ውጪ የሚደረግ በጎ ነገር ነው። ችግኝ መትከል፣ ደብተር ማደል፣ መጽሐፍ መለገስ። ሁሉም ጥሩ ነው። ግን የአሳታሚ ትልቁ ኃላፊነት እዚያው ሥራው ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ምን ያህል ያትማል? በምን ወረቀት ያትማል? ያተመው መጽሐፍ ማን እጅ ይገባል?

የገጠመኝን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አሳታሚ 22 ካርቶን መጽሐፍ ላከልን። ዕቃው መናኸሪያ ደርሷል ተብሎ ሲደወልልኝ እየሮጥኩ ነው የሄድኩት። በባጃጅ ሦስት ዙር ተመላልሰን አስገባነው። ርእሰ መምህሩ ተማሪ ሰብስበው ጠበቁን። ካርቶኖቹን ስንከፍት ከግማሽ በላይ የሚሆነው አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው። ስለ ስኬት የሚያወራ፣ ሳይሸጥ መጋዘን የቀረ መጽሐፍ። ከ300 በላይ ቅጂ! ሌላው ጊዜው ያለፈበት የኮምፒውተር መማሪያ ነበር። ጥቂት ልቦለዶችም ነበሩበት። እነሱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከመደርደሪያው አለቁ። ልጆቹ እስካሁን ይዋሷቸዋል። ሁለቱ ገጻቸው ተገነጣጥሎ በፕላስተር ነው የተያያዙት።

የቀሩትን ምን እናድርጋቸው? መደርደሪያ የለንም። መሬት ላይ ደረደርናቸው። ክረምት ሲመጣ ጣሪያው አፈሰሰ፤ ከታች ያሉት ሻገቱ። በመጨረሻ ኮሚቴ ተቋቁሞ በኪሎ ተሸጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሎ ከምትሸጥ እናት ቆሎ ገዛሁ። የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታው የእኛ ማኅተም አለበት። ማኅተሙን የመታሁት እኔው ራሴ ነበርኩ። ቆሎውን መብላት አቃተኝ።

ያቺን እናት አልወቅሳትም። ወረቀቱን ለአንድ ነገር አውላዋለች። እኔን ያሳዘነኝ ወረቀቱ እዚያ ድረስ የመጣበት መንገድ ነው። የመጽሐፍ ወረቀት በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚገባው። ወንጂ የወረቀት ፋብሪካ ቢኖረንም የአገሩን ፍላጎት አይሸፍንም። ዛፉ ሌላ አገር ይቆረጣል። ተፈጭቶ ፐልፕ የሚባል የእንጨት ቡኮ ይሆናል፤ ከዚያ ወረቀት ይሆናል። በመርከብ ጂቡቲ ይደርሳል፤ በከባድ መኪና አዲስ አበባ ይገባል። ለዚህ ሁሉ ዶላር ይከፈላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህማ ወረቀት ምን ያህል እንደተወደደ እናንተ የጋዜጣ ሰዎች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ታዲያ ይህን ሁሉ ባሕርና በረሃ አቋርጦ የመጣ ወረቀት ማንም ያልፈለገው መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም ጉዳቱ የአሳታሚው ኪሳራ ብቻ አይደለም።

ለምን ከሚሸጠው በላይ እንደሚታተም አንድ የማተሚያ ቤት ባለሙያ አስረድቶኛል። ኦፍሴት በሚባለው የተለመደ ማተሚያ ፕሌት (ገጹ የሚቀረጽበት ቀጭን ብረት) ማዘጋጀቱና ማሽኑን ማስተካከሉ ለ500 ቅጂም ለ5,000 ቅጂም ያው ነው። ስለዚህ ብዙ በታተመ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። «1,000 ከማሳትም 3,000 ላሳትም» የሚባለው ለዚህ ነው። ሒሳቡ የሚሠራው ግን ሦስቱም ሺህ ከተሸጠ ብቻ ነው። ካልተሸጠ መጋዘን ኪራይ ይበላል። ከዚያ አንድ ቀን «ለትምህርት ቤት እንስጠው» ይባላል። ሸክሙ ከእነሱ መጋዘን ወደ እኛ ቤተ መጻሕፍት ይዛወራል ማለት ነው።

አሁን ዲጂታል ማተሚያ አለ። ፕሌት አይፈልግም። 200ም 300ም ቅጂ ማሳተም ይቻላል። የአንዱ ዋጋ ትንሽ ከፍ ይላል። እሱን አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ በትንሹ አሳትሞ፣ አንባቢ ሲጠይቅ መድገም ይቻላል። በተለይ ብዙ ደራሲዎቻችን ከኪሳቸው፣ አንዳንዴም ተበድረው ነው የሚያሳትሙት። አሳታሚ ወይም አከፋፋይ «ብዙ አሳትም» ብሎ ሲገፋቸው ዕዳው እነሱ ላይ ይቀራል። ይህም የኃላፊነት ጉዳይ ነው።

ሌላው ቀላል ነገር ነው። የመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለው ገጽ አለ። እዚያው ሥር ወረቀቱ ከየት እንደመጣ አንድ መስመር ቢጨመር ምን ይጎዳል? ከውጭ የሚመጡ መጻሕፍት ላይ ትንሽ የዛፍ ምልክትና ኤፍ.ኤስ.ሲ. የሚሉ ፊደላት አያለሁ። ፊደላቱ የደን አያያዝን የሚመሰክር የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ስም ምሕጻር ናቸው፤ ድርጅቱ የተመሠረተው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። ምልክቱ ወረቀቱ በጥንቃቄ ከሚያዝ ደን መምጣቱን ለገዢው ይናገራል። ተማሪዎቼ ስለ ምልክቱ ሲጠይቁኝ ማስረዳት እወዳለሁ። በአማርኛ መጽሐፍ ላይ እያሳየሁ ባስረዳቸው ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኝ ነበር።

በ2020 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና ዓለም አቀፉ የአሳታሚዎች ማኅበር በጋራ የአሳታሚዎች ቃል ኪዳን አውጥተዋል። አሥር ነጥቦች አሉት። የሚፈርም አሳታሚ የዘላቂ ልማት ግቦችን በሚያሳትመው መጽሐፍም፣ በራሱ አሠራርም ለማራመድ ቃል ይገባል። አሳታሚዎቻችን አንድ ቀን ተሰብስበው ቢያነቡት ጥሩ ነው። ለእኛ የሚሆነውን ይወስዳሉ። የማይሆነውን ይተዋሉ።

ግን ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብንም። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበሩ። እዚያ የብዙ አገር ልጆች በቋንቋቸው መጽሐፍ ሲያገኙ ለአበሻ ልጆች የሚሆን አጡ። የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። ከሽያጩ የተገኘውን ገንዘብ አገር ቤት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ለመክፈት አዋሉት። በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን ከፈቱ። እኛ ከተማ ደግሞ ያ ሥራቸው በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት ይዞ መጣ። ጋሪው ሲቆም ልጆች ከየሠፈሩ ይወጡና አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ያነቡ ነበር። መጽሐፉ ሲታቀድ ማን እንደሚያነበው ታስቦ ነበር። ገንዘቡ የት እንደሚገባም ታስቦ ነበር። እኔ ማኅበራዊ ኃላፊነት ያለው ኅትመት ስል እንዲህ ያለውን ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ዋና ጉዳዬ ልምጣ። ዓይነ ስውር ተማሪ አለን። ታሪክ ይወዳል። ስልኩ ላይ አማርኛ የሚያነብ መተግበሪያ አለው። ድምፁ ጎርበጥ ያለ ነው፤ እሱ ግን ለምዶታል፤ በፍጥነት ያዳምጠዋል። ችግሩ መተግበሪያው የሚያነበው የተተየበ ጽሑፍ ብቻ መሆኑ ነው። በፎቶ የተነሳ ገጽ አያነብለትም። አንድ የታሪክ መጽሐፍ ፈልጎ ለአሳታሚው ደወልኩ። መጽሐፉ የተተየበበትን የኮምፒውተር ፋይል ለአንድ ተማሪ ብቻ እንዲልኩልኝ ለመንኩ። ለሌላ እንደማላሳልፈው በደብዳቤ ቃል ልገባም ተዘጋጅቼ ነበር። «ቴሌግራም ላይ ይወጣብናል» አሉኝ። ስጋታቸው ይገባኛል። የደራሲ ልፋት በአንድ ሌሊት ሲዘረፍ አይቻለሁ፤ እኔንም ያመኛል። ግን ዘራፊው የአሳታሚውን ፋይል መቼ ጠበቀ? መጽሐፉን ገዝቶ፣ በስልኩ አንስቶ ነው የሚለቀው። ያ መጽሐፍም በፎቶ ቴሌግራም ላይ ወጥቶ አገኘሁት። ለማየት ለሚችለው ሁሉ በነፃ ተሰራጭቷል። ሳያገኘው የቀረው ያ ልጅ ብቻ ነው።

በመጨረሻ የክፍል ጓደኛው ገጽ በገጽ አነበበለት። ከሰዓት በኋላ እዚያው ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ እያነበበ አንዱ እየቀዳ፣ ሁለት ወር ፈጀባቸው። እኔም አንዳንድ ቀን አነብለት ነበር።

በ2013 እ.ኤ.አ. ማራካሽ ላይ የተፈረመ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። ዓይነ ስውራንና ኅትመት ማንበብ የማይችሉ ሰዎች መጽሐፍ በሚችሉት መልክ እንዲዘጋጅላቸው የቅጂ መብት እንዳያግድ የሚያደርግ ነው። ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ሕጉ በር ከፍቷል ማለት ነው። ብሬል የሚያዘጋጅም ሆነ በድምፅ የሚቀርጽ ተቋም ግን ሥራውን ከዜሮ እንዳይጀምር ፋይሉ ያስፈልገዋል። ፋይሉ ደግሞ ያለው አሳታሚው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። አዲስ ወጪ አይጠይቅም። ወረቀትም አይፈጅም። ዛፍም አይቆረጥበትም።

ድምፅ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ልቦለድ ሲተርክ ማንበብ የማይችሉት እናቴ ሥራቸውን ትተው ይሰሙ ነበር። ስለ ገጸ ባሕርያቱ እንደ ጎረቤት ነበር የሚያወሩት። አሳታሚዎቻችን ዛሬም ከአንድ ጥሩ ተራኪ ጋር ተስማምተው፣ ለደራሲውም ድርሻውን ከፍለው፣ ይህን ቢያደርጉ ገበያም ያገኙበታል ብዬ አስባለሁ።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል። እዚህ ያሉት ትንንሽ ልጆች ብዙዎቹ ቤታቸው የሚናገሩት ሲዳምኛ ነው። በዚያ ቋንቋ የሚታተመው የልጆች መጽሐፍ በጣም ጥቂት ነው። የሚያዋጣ ገበያ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብዙ የሚሸጥላችሁ አሳታሚዎች ግን በዓመት አንድ እንኳ ብታስቡበት።

ስለ ልገሳ የምጠይቀው አጭር ነው። ከመላካችሁ በፊት ደውሉልን። ከ300 አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይልቅ 30 የተለያዩ መጻሕፍት ይበቁናል። ሁለት ሁለት ቅጂ ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። እኛ ዝርዝር ይዘናል። ተማሪ ፈልጎ ያጣውን መጽሐፍ በአንድ ደብተር ላይ ይጽፋል። ዛሬ ጠዋት ስቆጥር 87 ርዕስ ደርሷል። ለሚጠይቅ አሳታሚ በስልክ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።

ያ ታሪክ የሚወደው ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። እሱም ሦስት ርዕሶች በጓደኛው እጅ አስጽፏል። ከሦስቱም አጠገብ «ፋይሉ» የሚል ቃል አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ
ሐዋሳ