ፌንጣ ለቃሚውን ጭልፊት በወንጭፍ አናባርረው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሰሞን ጋዜጣችሁ ላይ የወጣውን ፎቶ አይቼ ነው የምጽፈው። መብራት ሽቦ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ጭልፊት ነው። ከስሩ «ጫጩት የሚያሳድደው ጭልፊት» ተብሎ ተጽፏል። ፎቶው በጣም ያምራል፤ ያነሳው ሰው እጁ ይባረክ። ጽሑፉ ግን ልክ አይደለም። ልተወው ብዬ ነበር፤ ግን እኛ ወሎ ውስጥ አንድ ወፍ «ጫጩት በላ» ከተባለ ምን እንደሚጠብቀው ስለማውቅ አላስችል አለኝ። የሚጠብቀው ወንጭፍ ነው።

ይህ ወፍ እንግዳ ነው። በእንግሊዝኛ ሌሰር ኬስትረል ይባላል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፋልኮ ናውማኒ ነው። ከስፔን ጀምሮ እስከ ሞንጎሊያና ቻይና ድረስ ይራባል። እዚያ ብርዱ ሲገባና ነፍሳቱ ሲጠፉ ወደ አፍሪካ ይወርዳል፤ ብዙው እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይዘልቃል። ኢትዮጵያ መንገዱ ላይ ናት። ጥቅምት ላይ ሰብሉ ማሸት ሲጀምር፣ ፌንጣው ከእግር ስር እየተፈናጠረ በሚወጣበት ጊዜ ማለት ነው፣ ቦሩ ሜዳ ወይም ወረኢሉ አካባቢ ያላችሁ ሰዎች እስቲ ቀና ብላችሁ ሰማዩን እዩ። መጋቢት ላይ የበልጉ እርሻ ሲጀመር ደግሞ ወደ ሰሜን ይመለሳል።

እንዴት ነው የሚለየው? ወንዱ ቀላል ነው። ራሱ ግራጫ ነው፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ጀርባው የሸክላ ቀለም አለው፣ አንድም ነጠብጣብ የለበትም። ክንፉ ላይ፣ በሸክላው ቀለምና በጫፉ ጥቁር መሃል፣ ግራጫ መስመር ያልፋል። ጅራቱ ግራጫ ሆኖ ወደ ጫፉ ጥቁር ቀበቶ አለው። ይሄን ሁሉ ፎቷችሁ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። እኔ ፎቶውን በስልኬ አንስቼ አስፍቼ አየሁት፤ እግሩ ቢጫ ነው፣ ሽቦውን የጨበጠበት ጥፍሩ ደግሞ ነጣ ያለ ነው። ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ። ምክንያቱም ከሱ ጋር የሚምታታው ሌላው ኬስትረል፣ እዚሁ አገራችን ዓመቱን ሙሉ የሚኖረውና ገደል ስንጥቅ ውስጥ እንቁላል የሚጥለው፣ ጥፍሩ ጥቁር ነው። ጀርባውም ጥቁር ነጠብጣብ አለበት፤ ከዓይኑ ስርም እንደ እንባ የወረደ ጥቁር መስመር አለው።

ሴቷ ግን ታስቸግራለች። የሁለቱም ሴቶች ቡናማ ሆነው ጥቁር መስመርና ነጠብጣብ የሞላባቸው ናቸው፤ ከሩቅ ሆኖ እርግጠኛ መሆን ከባድ ነው። ጥፍሯን ማየት ካልተቻለ የሚሻለው አብረዋት ያሉትን መመልከት ነው። እንግዳው ኬስትረል ብቻውን አይወድም። በመንጋ ይጓዛል፣ በመንጋ ያድናል፣ በመንጋ ያድራል። አንድ ማሳ ላይ አስርም ሃያም ሆነው ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ሲያንዣብቡ ካያችሁ፣ እሱ የመሆኑ ነገር በጣም ሰፊ ነው። ድምፁም ይረዳል፤ ሻከር ያለ፣ ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ የሚል ቸ-ቸ-ቸ ነው።

አሁን ወደ ጫጩቱ ጉዳይ ልምጣ። ይህ ወፍ ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ግራም በታች ነው። ምግቡ በብዛት ፌንጣ፣ ጢንዚዛ፣ ክንፍ ያወጣ ምስጥና የመሳሰለው ነው፤ አልፎ አልፎ ትንሽ አይጥ ወይም እንሽላሊት ይጨምርበታል። ግቢያችን ላይ እየዞረ ጫጩት የሚነጥቀው ትልቁ ጭላት ነው፤ ጅራቱ ጫፉ ላይ መሃሉ ገባ ያለው፣ ቄራና ቆሻሻ መጣያ አካባቢ የማይጠፋው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አይሳሳትም። ችግሩ ሁሉንም «ጭልፊት» ብለን በአንድ ስም መጥራታችን ሳይሆን፣ በአንድ ጥፋት መቅጣታችን ነው።

ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ካለ የሚያድሩበትን ዛፍ ይፈልግ። ብዙ ጊዜ ረጅም ዛፍ ይመርጣሉ፣ ባህር ዛፍም ይሆናል፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከተማ መሃል ባሉ ባህር ዛፎች ላይ በሺዎች ሆነው ያድራሉ። ከዛፉ ስር ጠዋት ብትሄዱ ወፎቹ ተፍተውት የወደቀ ድብልብል ነገር ታገኛላችሁ። ኩስ አይደለም፤ ሆዳቸው ያልፈጨው ትርፍ ነው። በእንጨት ፈልቀቅ አድርጉት። የሚያብረቀርቅ የጢንዚዛ ቅርፊት፣ ስብርብር ያለ የፌንጣ እግር፣ ክንፍ። ልጆች ይሄን ሲያዩ ዓይናቸው ይበራል፣ ከዚያ በኋላ ወንጭፍ የሚያነሳ አይኖርም። የትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበቦች አንድ ቅዳሜ ቢያውሉበት ምን አለ?

ሌላው የሚያሳስበኝ መርዙ ነው። በ2013 መጀመሪያ የበረሃ አንበጣው ወሎን ሲመታ ገበሬው የደረሰበትን ሁላችንም አይተናል፤ ማሽላው ለአጨዳ ሲደርስ በአንድ ቀን ባዶ አገዳ ሆኖ ቀረ። በዚያ ሰዓት አትርጩ የሚል ሰው ልብ የለውም፣ እኔም አልልም። ነገር ግን አንበጣም ሆነ ግሪሳ ለማጥፋት የሚረጩት መድኃኒቶች ወፍንም የሚገድሉ አሉ። ወፉ መርዙ በቀጥታ ባያገኘውም፣ እየተንፈራገጠ ያለውን ነፍሳት ሲለቅም ያገኘዋል። እና በተለይ በሰላሙ ዓመት፣ ፌንጣ ትንሽ በዛ ብሎ ሲታይ ወዲያው መርጫ ተሸክሞ ከመውጣት በፊት የልማት ሠራተኛውን መጠየቅ፣ የሚያድሩበትን ዛፍ አካባቢም አለመርጨት፣ ይሄ ብዙ ወጪ የለውም። በነፃ ፌንጣ የሚለቅምልንን ሠራተኛ በገዛ እጃችን ባንገድለው ጥሩ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ይሄው ወፍ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እጅግ ተመናምኖ ነበር። የግጦሹ ሜዳ ታረሰ፣ መርዙ በዛ፣ ጎጆ የሚያደርጉባቸው አሮጌ ጣሪያዎች ታደሱ። ሰዎች ሳጥን እየሰቀሉ፣ ጣሪያ ላይ ቀዳዳ እየተዉ ነው መልሰው ያቆዩት። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 2011 (እ.ኤ.አ.) ላይ ስጋት ካለባቸው ዝርያዎች ዝርዝር አውጥቶታል። እነሱ ጎጆ ሠርተው ያቆዩትን እኛ በመንገዱ ላይ ብንጨርሰው ያሳዝናል።

ሰው ከፈለገ ደግሞ ቶሎ ይቀየራል። የዚህ ወፍ ዘመድ የሆነው የአሙር ጭልፊት ከሳይቤሪያና ከሰሜን ቻይና ተነስቶ ወደ አፍሪካ ሲመጣ ሕንድ ውስጥ ናጋላንድ የሚባል ክልል ላይ ያርፋል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) እዚያ በመረብ እየያዙ በአስር ሺዎች ይገድሉት ነበር። ነገሩ ሲጋለጥ የመንደሮቹ ሽማግሌዎች፣ ቤተ ክርስቲያኖቹና መንግሥት ተነጋገሩ፤ በዓመቱ ግድያው ቆመ። አሁን ሰው ወፉን ለማየት ገንዘብ ከፍሎ ይመጣል። እኛም ጋ ሽማግሌ አለ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የሚሰማ ሰው አለ።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የመጪው መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ወፎቹ ሳይደርሱ፣ የዚህን ኬስትረልና የትልቁን ጭላት ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አውጡልን። ሰፋ አድርጋችሁ፣ በቀለም፤ ጅራቱና ጥፍሩ እንዲታይ። ቆርጠን ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

አክባሪያችሁ
አንባቢያችሁ ከደሴ