ርካሹ ኪራዩ ነው እንጂ ኑሮው አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ በጡረታ ብር ረጋ ብሎ መኖር የሚፈልግ ሰው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ቢገባ ይሻለዋል የሚል ጽሑፍ አንብቤ ብቻዬን ሳቅኩ። ጸሐፊው ሰፈራችንን ስለወደዱልን አመሰግናለሁ። የዛፉን ጥላ፣ ቀጥ ያሉትን መንገዶች፣ የድሮ ቤቶቹን አሳምረው ጽፈዋል። ሒሳቡ ላይ ግን አልተስማማንም።

እኔ እዚሁ ከዚራ ተወልጄ ያደግኩ፣ 31 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የምኖርበትን ቤት የተከራየው አባቴ ነው። የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር፤ አከራዩ ደግሞ አንድ ግሪክ ነጋዴ። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ የእኛም ተወረሰ። ያኔ ኪራያቸው ዝቅ ያሉት ቤቶች ለቀበሌ ነበር የሚሰጡት፤ የእኛም እዚያው ገባ። ዛሬ በወር የምከፍለው 42 ብር ነው። አዎ፣ አርባ ሁለት። ይህን የሰማ ሁሉ ይቀናብኛል።

አሁን ጣሪያውን ልንገራችሁ። ቆርቆሮው ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ያለ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ዘነበና ኮርኒሱ ሆዱን ነፍቶ አደረ። ጠዋት በመጥረጊያ እንጨት ነካ ባደርገው ተቀደደ። ውሃው፣ አቧራው፣ የስንት ዓመት የርግብ ላባ አልጋዬ ላይ ተዘረገፈ። ማመልከቻ ጽፌ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። «በጀት የለም» አሉኝ። እሺ፣ በራሴ ላሠራው አልኩ። «ቤቱ የመንግሥት ነው፣ ያለ ፈቃድ መንካት አይቻልም» አሉኝ። ለማደስ በጀት የለም፣ ለመከልከል ግን ሰው አለ። ፈቃዱ 4 ወር ፈጀ። እስከዚያ በላስቲክና በባልዲ ከረምኩ።

በመጨረሻ 18 ቆርቆሮ፣ ሞራሌ፣ ሚስማር፣ ኮርኒስና የአናጢ እጅ ተደምሮ 46,200 ብር ወጣ። ግማሹን ልጄ ላከችልኝ፣ ሩቡን ከዕቁብ አወጣሁ፣ ቀሪውን እስከ ዛሬ እየከፈልኩ ነው። በኪራዬ ብታካፍሉት የ91 ዓመት ከ8 ወር ኪራይ ነው። ደግሜ አካፍዬዋለሁ። የደረሰኙን ኮፒ ይዤ «ከኪራይ ይታሰብልኝ» ብዬ ብጠይቅ እንዲህ ያለ አሠራር የለም ተባልኩ።

ውሃውም አለ። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፤ እኛ ካልሲየም ነው የምንለው። የማንቆርቆሪያዬ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ለብሷል፤ ሻይ ስቀዳ አንዳንዴ ስንጥርጣሪው ብርጭቆ ውስጥ ይወርዳል። አምና ቧንቧው እንጥፍ እንጥፍ እያለ ቢያስቸግረኝ ሠራተኛ ጠራሁ። ቱቦውን ቆርጦ አሳየኝ። አውራ ጣት ያስገባ የነበረው ቀዳዳ እርሳስ አያሳልፍም። «አቦ ማዘር፣ ይሄ ቱቦ ሳይሆን ድንጋይ ነው» አለኝ። ሙሉውን አስቀየርኩ። የልጅ ልጄ የምትጠጣውን ደግሞ እገዛለሁ።

ሙቀቱን የድሬ ሰው ስለሆንኩ ባላማርር ደስ ይለኝ ነበር። የድንጋዩ ግድግዳ ቀን ላይ ባለውለታዬ ነው፤ ማታ ግን ሲውጥ የዋለውን ሙቀት መልሶ እኛው ላይ ይተፋዋል። ድሮ ሚያዝያና ግንቦት ሲመጣ አልጋ አውጥተን ግቢ እናድር ነበር። አሁን ሰርቪስ ቤት ያልተሠራበት ግቢ ብዙ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቬንትሌተር ነው። የመብራት ሒሳቤ ከቤት ኪራዬ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ደግሞም የእኔን 42 ብር አይታችሁ ጓዛችሁን እንዳትጭኑ። አዲስ ለሚመጣ ሰው እንዲህ ያለ ቤት አይጠብቀውም። ጎረቤቴ ግቢ ያለች አንዲት ወጣት ነርስ አልጋና ምድጃ ለምትይዝ ሰርቪስ ቤት 5 ሺህ ብር ትከፍላለች። መጸዳጃውን ከሌሎች 4 ተከራዮች ጋር ነው የምትጋራው። ጸሐፊው ዛሬ ከዚራ ቢገቡ ከእሷ ጋር ነው ወረፋ የሚጠብቁት።

ጽሑፉ ባቡሩንም አንስቷል። እውነት ነው፣ ሐዲዱ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ስለከበደው በ1895 እዚህ ሜዳ ላይ ባይቆም ኖሮ ከዚራ የሚባል ሰፈር አይኖርም ነበር። ልጅ ሆኜ ባቡሩ ከጅቡቲ ሲገባ ፓስታው፣ ሩዙ፣ ጨርቁ አብሮ ይገባ ነበር። ቀረጥ ተከፍሎበታል ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ። እናቴ ጣቢያው ወዳለበት ወደ ለገሃሬ ሰፈር በእግሯ ደርሳ ዘንቢሏን ሞልታ ትመለስ ነበር። አሁን የድሮው ጣቢያ ፎቶ ይነሱበታል፤ አዲሱ ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ለመድረስ ራሱ ገንዘብ ነው። እኔ የባጃጅ ብር ለማትረፍ ቀፊራ ገበያ የምሄደው ደቻቱ የሚባለውን ደረቅ ወንዝ፣ አሸዋውን በእግሬ አቋርጬ ነው። ተራራው ላይ ደመና ካየሁ ግን አልወርድበትም። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም።

ሰፈሬን ልቀቂ ብትሉኝ አልለቅም። የምለው፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ በደረሰኝ ያሳደሰው ነገር ከኪራዩ ይታሰብለት፣ ፈቃዱም ዝናብ ሳይመጣ ይሰጥ ነው። እናንተም ስለ ከዚራ ኑሮ እንደገና ከጻፋችሁ ጋዜጠኛ ላኩልኝ። የደረሰኝ ማኅደሬን አሳየዋለሁ፤ ቡናም አለ፣ በተገዛ ውሃ የተፈላ። ጠዋት ይምጣ ብቻ። ከምሳ በኋላ እስከ 9 ሰዓት ድሬ ትተኛለች፣ እኔም እተኛለሁ።

ጡረተኛዋ የሒሳብ መምህርት
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ