ብርጭቆው ታጥቧል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ድሬዳዋ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ስሸጥ 11 ዓመቴ ነው። አንድ የማትቀር ቅሬታ አለች። «እማማ፣ ብርጭቆው አልታጠበም እንዴ?» በተለይ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሻዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ስስ ነገር ሲያይ ብርጭቆውን ገፋ ያደርገዋል። ታጥቧል ልጄ! ሻይ ቅጠሉ ከውሃው ካልሲየም ጋር ሲገናኝ ነው እንዲያ የሚሆነው። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ይጠፋል። ስለዚህ ሎሚ በነጻ እሰጣለሁ። ሎሚ ሲወደድ ሐሜቱን እችላለሁ።

ማንቆርቆሪያዬን ብታዩት! በየሁለት ሳምንቱ አቼቶ ካላፈላሁበት ውስጡ እንደ ግድግዳ ይለሰናል። ያ ነጭ ቅርፊት ሙቀት ስለማያሳልፍ ከሰል ይፈጅብኛል። ሳሙናም አረፋ አይሰጥም። የቤቴ ሻወር ቀዳዳው ተደፍኖ ውሃውን ወደ ጎን ነው የሚረጨው። አባቴ ምድር ባቡር ነበሩ። በእንፋሎቱ ዘመን ይህንኑ ቅርፊት ከቦይለር ላይ በፈረንሳይኛ እየተራገሙ ይፍቁት ነበር።

የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው፤ በኖራ ድንጋይ መሀል አልፎ ካልሲየሙን ይዞ ይመጣል። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን የሚፈጩትም የኖራ ድንጋይ ነው። እኛ እንግዲህ በብርጭቆ እንጠጣዋለን።

ካልሲየሙን ለምጄዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም ለእሱ የጤና ገደብ አላወጣለትም። እኔን የሚያስፈራኝ ናይትሬት የሚሉት ነው። ደንበኛዬ የሆነ አንድ የላብራቶሪ ልጅ ነው ያስረዳኝ። ከሽንት ቤት ጉድጓድ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ገደቡ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። በከተማችን ጉድጓዶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ከዚያ በላይ ያገኙበት ጊዜ አለ።

እኛ ደግሞ ለሁሉም ነገር መልሳችን «አፍሉት» ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል። ናይትሬትን ግን አይነካውም፤ እንዲያውም ውሃው ተኖ ባነሰ ቁጥር እሱ ይጠነክራል። ልጄ አራስ ናት። ጡቷ አልበቃ ብሎ የጣሳ ወተት ትጨምርበታለች። ናይትሬት ይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ ገና 6 ወር ያልሞላቸውን፣ በጡጦ የሚያድጉትን ነው። ስለዚህ ለሕፃኑ ሀይላንድ እንገዛለን። ከሻይ በሚገኝ ሳንቲም!

አንድ የሚመለከተው ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ። «እናቴ፣ ውሃው ክሎሪን ይደረግበታል፤ አይስጉ» አሉኝ። እኔ መች ስለ ክሎሪን ጠየቅኩ?

ቢሉ ላይ ቆጣሪው ያነበበው ይጻፋል። ከሥሩ ሁለት ቁጥር ይጨመርልን፤ በየሰፈራችን መስመር ካልሲየሙ ስንት፣ ናይትሬቱ ስንት እንደሆነ። ናይትሬቱ ከፍ ካለ አራስ ያለበት ቤት ይወቀው። ዝቅ ካለም እኔ የሀይላንዱን ገንዘብ ለሎሚ አውለዋለሁ።

ሻይ ሻጯ
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ