ለዞን ዘጠኝ ወዳጆች በያላችሁበት፦ የምስጋና መልእክት

የዞን ዘጠኝ የጦማርያን ስብስብ ስድስት አባላትና ሦስት ጋዜጠኞች ሚያዝያ 17 እና 18 ቀን 2006 ተይዘው አዲስ አበባ ወደሚገኘው የፖሊስ ምርመራ ማዕከል፣ ማዕከላዊ፣ ከገቡበት ሰዓት ጀምሮ ሳትሰለቹ አብራችሁ ለቆማችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። ጥቅምት 5 ቀን 2008 አቤል፣ ናትናኤል፣ አጥናፍ እና በሌለችበት የተከሰሰችው ሶልያና ከተመሠረተባቸው የሽብር ክስ ነፃ ተብለዋል። በፍቃዱም ከሽብር ክሱ ነፃ ሆኖ፣ በወንጀል ሕጉ ግን እንዲከላከል ተብሎ፣ በ20 ሺህ ብር ዋስ ወጥቷል።

ምስጋናው ለሁሉም ነው፤ ቅድሚያው ግን ስማቸው የትም ላልተጻፈ ተርጓሚዎች ይሁን። ክሱም ብይኑም በአማርኛ ነው፤ ውጭ ያለ የመብት ድርጅት ደግሞ ያላነበበውን አይሟገትበትም። ሥራው ቀላል ይመስላል። ክሱ የተመሠረተበትን ሐምሌ 10ን «ጁላይ 10» ብሎ የገለበጠ ሰው በ7 ቀን ይስታል፤ ትክክሉ ጁላይ 17 ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት» የተባለውን ቀጠሮ ቁጥሩን ብቻ ወስዶ ያስተላለፈ ደግሞ የኤምባሲ ታዛቢውን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ልደታ ፍርድ ቤት ያቆመዋል፤ ያኔ ችሎቱ ተነሥቶ ግቢው ጭር ብሏል። ስለዚህ ነው ማስታወቂያው ሁሉ ሁለቱን የቀን አቆጣጠር፣ ሁለቱን የሰዓት አቆጣጠርና የችሎቱን ቁጥር ይዞ እንዲወጣ የለፋችሁት። የስም ነገርም አለ። «አቶ ክብረት» የሚል ደብዳቤ የዘላለምን አባት ነው የሚጠራው! አንዱ ስም በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ሲጻፍም ዘመቻው ሦስት ቦታ ይበተናል። አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ ለጸናችሁ እናመሰግናለን።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለጮኻችሁ ምስጋናችን የተለየ ነው። በ2012 የተሻረው የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ለፖሊስ በአንድ ጊዜ ከ28 ቀን የማያንስ፣ በድምሩ እስከ 4 ወር የሚደርስ የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ተጠርጣሪን አስሮ የመመርመሪያ ጊዜ፣ ይፈቅድ ነበር። ሰው ያለ ክስ ምርመራ ላይ የሚቆየው ያኔ ነው፤ የውጭ ዓይን ከምንም በላይ የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። ክስ እስኪመሠረት እንጠብቅ ያሉ ተቋማት፣ ቅር አይበላቸውና፣ ዘግይተዋል።

ክሱ ላይ «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» ሲጠቀስ፣ ይህ ማንም ከኢንተርኔት በነፃ የሚያወርደው የዲጂታል ደኅንነት መመሪያ መሆኑን በማስረጃ ያሳያችሁ ባለሙያዎችም ብድራችሁን ያድርሰን። ገንዘብ ልትልኩ ፈልጋችሁ ቆም ብላችሁ ለጠየቃችሁም እንዲሁ። የመጀመሪያው ውንጀላ ከውጭ ድርጅቶች ጋር መሥራትና ገንዘብ መቀበል ስለነበረ፣ በደግነት የተላከ ብር ለዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ሊሆን ይችል ነበር።

ማኅሌት፣ ዘላለም፣ ኤዶም፣ ተስፋለምና አስማማው በሐምሌ 2007 መጀመሪያ ክሳቸው ተቋርጦ ሲወጡ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ አዲስ አበባ ሊገቡ 3 ሳምንት እንኳ አልቀረም ነበር። አጋጣሚ ነው የሚል ይኖራል፤ እኛ አንልም። የአሜሪካ ዜጎች ለየምክር ቤት አባሎቻቸው ስም እየጠቀሱ መጻፋቸው ዋጋ ነበረው።

የበፍቃዱ መዝገብ ከብይኑ በኋላም ክፍት ነበር፤ በወንጀል ሕጉ መሠረት እንዲከላከል ተብሎ ነበር። ወደፊትም የፍርድ ቤት ቀጠሮ ስታሰራጩ ቀኑንም ሰዓቱንም እንደለመዳችሁት በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉልን።