ልጄ፣ መኪናሽን በደረቅ ጨርቅ አታስነኪ

ውድ ልጄ፣

እዚያ ሐዋሳ እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የአዳማ ነፋስ ብቻ ነው ያስቸገረን። የላክሽውን የአዲሷን የኤሌክትሪክ መኪናሽን ፎቶ እናትሽ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳይታ ጨረሰች። እኔ ግን አጉልቼ ያየሁት ኮፈኑ ላይ የተለጠፈውን ነጭ ላስቲክ ነው። እሱ ፋብሪካው ለመርከቡና ለመንገዱ ብሎ የለጠፈው እንጂ ጌጥ አይደለም። ፀሐይ ሲበዛበት ሙጫው ይደርቅና ቀለሙ ላይ ይቀራል፤ ጠርዙም ምልክት ይተዋል። ደብዳቤውን አንብበሽ ሳትጨርሺ ወጥተሽ ላጪው። የወንበሩን ላስቲክ ለሦስት ዓመት ብታቆዪው የራስሽ ጉዳይ ነው፣ የኮፈኑን ግን አንድ ሳምንት አታሳድሪው።

"ቀለሟ እንዳይበላሽ ምን ላድርግ?" ብለሽ ነበር። በስልክ ብነግርሽ ግማሹን ትረሺዋለሽ ብዬ ጻፍኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ቀለም ስረጭ የኖርኩ ሰው ነኝና ከረዘመብሽ ታገሺኝ።

መጀመሪያ የምትጠብቂው ነገር ምን እንደሆነ እወቂ። ከቆርቆሮው በላይ ፕራይመር የምንለው ቀለሙን የሚያስይዝ ቅብ አለ፣ ከዚያ ቀለሙ ይመጣል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምንም ቀለም የሌለው ጥርት ያለ ሽፋን አለ። ክሊር እንለዋለን። የሚያብረቀርቀውም፣ ፀሐዩን የሚመክተውም እሱ ነው። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከራስሽ የተነቀለች አንዲት ፀጉር ከዚህ ትወፍራለች። ስለዚህ በየጊዜው "ፖሊሽ ላስደርጋት" የምትዪውን ነገር ተዪው። ኮምፓውንድ፣ ማለትም ፖሊሽ የሚደረግበት የሚፍቅ ቅባት፣ ጭረት የሚያጠፋው ጭረቱን ሞልቶ አይደለም፤ ዙሪያውን ያለውን ክሊር ፍቆ ከጭረቱ እኩል በማድረግ ነው። የተፋቀው ደግሞ አይመለስም። አንድ ሁለት ጊዜ ይችላል፣ ከዚያ ወዲያ ያው ወደ እኔ መምጣትሽ ነው።

ቀለም ከሚያበላሹት ነገሮች ሁሉ የሚብሰው የሰው እጅ ነው። የግቢያችሁ ዘበኛ ጠዋት ጠዋት ሊያስደስቱሽ ብለው በደረቅ ጨርቅ መወልወላቸው አይቀርም። ሐይቅ ዳር ስታቆሚም ልጆቹ ሳትጠይቂያቸው ይወለውላሉ። ክፋት የላቸውም። ግን የሐዋሳ አቧራ ተራ አፈር እንዳይመስልሽ። ከተማዋ የተቀመጠችው በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ትቶት በሄደው ትልቅ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስ የሚወጣው እኛም እናንተም ካለንበት ከዚሁ ከስምጥ ሸለቆ ነው፤ ፑሚስ ደግሞ አረፋ ሆኖ የደረቀ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ነው። ዘበኛው ጨርቁን ባሽከረከሩ ቁጥር የዚያን ብርጭቆ ዱቄት ክሊሩ ላይ ይፈጩታል። ጥቁር መኪና ላይ ፀሐይ ሲያርፍ ክብ ክብ እየሠራ የሚታየው ቀጫጭን ጭረት ከዚህ የመጣ ነው። ያንቺ ደግሞ ጥቁር ናት፤ ነጭ ግዢ ብዬሽ ነበር፣ አሁን ምን ይደረጋል። ዘበኛውን እንዳትቆጪያቸው፤ ሻይ ጋብዣቸውና "ጋሼ፣ አቧራዋን እንዳለ ይተዉልኝ" በያቸው።

ታዲያ እንዴት ትታጠብ ካልሽ፣ በማለዳ ወይም ጥላ ውስጥ፣ ኮፈኑን በመዳፍሽ ነክተሽ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። መጀመሪያ ውሃ ብቻ፣ ከላይ ወደ ታች፣ እጅሽ ሳይነካት ሊወርድ የሚችለው ቆሻሻ ሁሉ እስኪወርድ። ውሃ በሌለ ቀን ይቅር፤ በግማሽ ባልዲ ውሃ ከምታሺያት እንደቆሸሸች ብትውል ይሻላታል። ከዚያ ሁለት ባልዲ ታዘጋጂያለሽ፣ አንዱ የመኪና ሻምፖ የተበጠበጠበት፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ። የማይክሮፋይበር ጓንቱን ሻምፖው ውስጥ ነክረሽ አንድ በር ታጥቢያለሽ። ወደ ሻምፖው ከመመለስሽ በፊት ጓንቱን በንጹሑ ውሃ አለቅልቀሽ አሸዋውን ታራግፊያለሽ። ጨርሰሽ ባልዲውን ስትደፊ ሥሩ ላይ የሚቀረውን ጥቁር ደለል እዪው፤ አንድ ባልዲ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ተመልሶ በሩ ላይ ሊታሽ ነበር። ከጣሪያው ጀምሪ፤ የበሮቹ ግርጌና ፓራውልቱ መጨረሻ ይሁኑ። ቸርኬና ጎማ የራሳቸው ጨርቅና የራሳቸው ባልዲ ይኑራቸው፤ የፍሬን ብናኝ ብረት አለበት፣ እሱን የነካ ጨርቅ ተመልሶ ቀለም አይነካም። ኦሞና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ከቤትሽ አይውጡ፤ ቅባት እንዲያነሱ የተሠሩ ናቸውና የቀባሽውን ሰም ይዘውብሽ ይሄዳሉ።

አጥበሽ ስትጨርሺ በራሷ እንድትደርቅ አትተያት። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ይበዛበታል፤ ጠብታው ሲተን ነጭ ቀለበት ትቶ ይሄዳል፣ ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ቀለሙን እስከ መብላት ይደርሳል። ወፍራም ማይክሮፋይበር ፎጣ አንጥፈሽ ውሃውን አስጠጪው እንጂ አትፈትጊው።

ሐይቁ ዳር ወስደሽ አታሳጥቢያት። ይህን የምለው ለመኪናው ብዬ ብቻ አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ሳሙናና ዘይት እዚያው ይቀራል፣ ዓሣውን የምትበዪው ደግሞ አንቺ ነሽ። ላቫጆ መሄድ ካለብሽ ውሃውን ብቻ እንዲረጩልሽ ንገሪያቸው፤ ስፖንጃቸው ካንቺ በፊት የጭነት መኪና ሲያጥብ ነው ያደረው። ነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እዚህም የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፣ "ውሃ አይንካት" የሚሉም አሉ። መታጠብ ትችላለች። ቻርጅ ላይ እያለች እንዳትታጠብ፣ የቻርጅ ክዳኗም የተዘጋ ይሁን፣ የግፊት ውሃውን በቀጥታ ወደዚያ አይልኩት።

አሞራ ገደል ዓሣ ልትበዪ ስትሄጂ ዛፍ ሥር አታቁሚ። የዚያን ትልቅ ወፍ፣ የአባ ኮዳን፣ ኩስ ሲወርድ አይተሻል፤ መጠኑ የእርግብ አይደለም። አሲድነት አለው፣ የባሰው ግን ሙቀቱ ነው። ቆርቆሮው ሲግል ክሊሩ ይለሰልሳል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ኩሱን እንዳቀፈ ይኮማተራል፤ ጠዋት ብታነሺውም ቅርጹ እዚያው ይቀራል። በሐዋሳ ፀሐይ፣ ከፍታው ወደ 1,700 ሜትር በሆነ አገር፣ "ነገ አጥበዋለሁ" አያዋጣም። መኪናሽ ውስጥ አንድ ሃይላንድ ውሃና ሶፍት ይኑርሽ። ሶፍቱን አርሰሽ ኩሱ ላይ ጣል አድርጊበት፣ አምስት አሥር ደቂቃ ይቆይ። ሲላላ ወደ ላይ አንሺው። በጥፍርሽ እንዳትፍቂ፣ እዚያው ላይ እንዳታሺውም።

ሰም መቀባት እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ታጥባ ስትደርቅ እጅሽን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብተሽ ኮፈኑ ላይ በቀስታ አንሸራቺ። ባዶ እጅሽ የማይሰማው ሸካራ ነገር በፌስታሉ ውስጥ ፍጥጥ ብሎ ይሰማሻል። በመርከብና በጭነት መኪና እስከ ደጅሽ ስትመጣ የተጣበቀባት የብረት ብናኝና ቆሻሻ ነው። ለእሱ የተሠራ ጭቃ የሚመስል ማጽጃ አለ፣ ክሌይ ይሉታል፤ ሻምፖ በበዛበት ውሃ እያረጠብሽ ካልሆነ ራሱ ይጭራል። ያን ጊዜ እኔ እመጣለሁ፣ ብቻሽን አትጀምሪው።

ሰሙን ግን ራስሽ ትቀቢዋለሽ፤ ስስ አድርገሽ፣ ጥላ ውስጥ። አንዳንዱ ሰው አዲስ ቀለም ሰም አይነካውም ይልሻል። የፋብሪካ ቀለም 140 ዲግሪ ገደማ ምድጃ ውስጥ ስለሚበስል ምንም አይሆንም። ያ ምክር እኛ ጋራዥ ለምንቀባው ነው፤ እሱን አንድ ሁለት ወር መጠበቅ ይገባል። የተፈጥሮው ሰም፣ ካርናውባ የሚሉት፣ በዚያ ሙቀት ጥቂት ሳምንት ነው የሚቆይልሽ። ሰው ሠራሹ ወራት ይሰነብታል፤ እኔ ብሆን እሱን እገዛለሁ።

ሻጩ "ናኖ ሴራሚክ ላድርግልሽ፣ ድንጋይም አይጭረው" ብሎሻል አሉ። ሴራሚክ ክሊሩ ላይ የሚቀባ ሽፋን ነው፣ ጥሩ ነገር ነው፤ ውሃና አቧራ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ በደንብ ከተሠራ ከዓመት በላይ ይቆያል። ግን ስስ ነው። ከጭነት መኪና ጎማ ተፈናጥሮ የሚመጣ ጠጠር አያቆምም። "ዘጠኝ ኤች" ብለው የሚያስፈራሩሽም የእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ ነው፣ የአልማዝ አይደለም። ጠጠር የሚችለው ወፍራሙ ግልጽ ፊልም ነው፤ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ይደርሳል፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ገንዘብ ከተረፈሽ ኮፈኑና የፊት ፓራውልቱ ላይ ብቻ አስለጥፊ። ካልተረፈሽ ከፊትሽ ካለው ሲኖትራክ ራቅ ብለሽ ንጂ።

የአክስትሽ ልጅ ለሰርጉ መኪናሽን ሊለምንሽ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ስጪው፣ ዘመድ ነው። ግን አበባውን ኮፈኑ ላይ በፕላስተር እንዳይለጥፉት፤ ሪባኑም ነፋስ ላይ ሲርገበገብ ቀለሙን ይመታዋልና ጫፉ ጥብቅ ብሎ ይታሰር። የመኪና ልብስ ልትገዢ ያሰብሽውን ደግሞ ተዪው፤ አቧራ ላይ አልብሰሽ ነፋስ ሲያወዛውዘው ያው የዘበኛው ጨርቅ ነው።

ማይክሮፋይበሮቹንና ጓንቱን ገዝቼ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። ከልብስ ጋር አብረሽ እንዳታጥቢያቸው፣ ልብስ ማለስለሻም አይንካቸው። መሬት ላይ የወደቀውን ጨርቅ ለቸርኬ አድርጊው።

አሁን ካንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የሾፌሩን በር ስትከፍቺ ምሰሶው ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር ትንሽ ታርጋ አለች፤ የቀለሙ ኮድ ከቁጥሮቹ መሐል ተጽፏል። ጥርት አድርገሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ ጠጠር ሲመታሽ የምንነካካበትን በትንሽ ብልቃጥ በጥብጬ አስቀምጥልሻለሁ።

አባትሽ
ከአዳማ