«96» ተብሎ ስለተሸጠልኝ መስታወትና ስላላዘዝኩት መብራት የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለመስታወትና መብራት አስመጪው ድርጅት ሽያጭ ክፍል
አዲስ አበባ

ጥቅምት 4 ቀን ከመደብራችሁ 10 ፍሬ ጥርት ያለ መስታወት፣ 3 ፍሬ ዳይክሮይክ መስታወት (በስስ ሽፋኑ ምክንያት እንደ ብርሃኑ አቅጣጫ ቀለሙ የሚለዋወጥ) እና 30 ሜትር ኤልኢዲ ስትሪፕ (የመብራት ጥብጣብ) በ148,000 ብር ገዝቻለሁ። ሁሉም መስታወት «96» እንዲሆን በትዕዛዙ ላይ ጽፌ ነበር፤ ይህ ቁጥር መስታወቱ ሲሞቅ የሚሰፋበትን፣ ሲቀዘቅዝ የሚኮማተርበትን መጠን የሚያሳይ ሲሆን አብረው የሚቀልጡ መስታወቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ሊሆኑበት ይገባል፤ በደረሰኛችሁም ላይ «96» ይላል።

የምሠራው በወሎ የሚገኘውን የከበረ ድንጋይ፣ የደላንታን ኦፓል፣ የሚመስል የግድግዳ መብራት ነው። ያንን ድንጋይ በእጁ የያዘ ሰው ጠባዩን ያውቃል፤ ውሃ ውስጥ ሲነከር ውሃውን ይጠጣና ጥርት ይላል፣ ሲደርቅ ቀይና አረንጓዴው ተመልሶ ይመጣል። እኔም መብራቱ ሲጠፋ ወተት የመሰለ፣ ከጀርባው ሲበራ ግን ቀለሙ የሚነሳ ነገር ፈልጌ ነው ውዱን ዳይክሮይክ የገዛሁት።

ዳይክሮይኩን ከጥርት ያለው መስታወት ጋር በምድጃ አቅልጬ ከሠራኋቸው 8 የመብራቱ ገጾች (የመስታወት ሰሌዳዎች) 3ቱን ምድጃውን ስከፍት ተሰንጥቀው አገኘኋቸው። 2ቱ ደግሞ ከአምስት ቀን በኋላ፣ መደርደሪያ ላይ ማንም ሳይነካቸው፣ ቡና እየጠጣን ሳለ ጠቅ ብለው ለሁለት ተከፈሉ።

ስደውል ሠራተኛችሁ «ምድጃዎ ነው፤ ቶሎ አቀዝቅዘውት ይሆናል» አሉኝ። በ800 ዲግሪ ገደማ አቅልጬ፣ ውጥረቱ እንዲለቅ በ510 ላይ አቆይቼ፣ እስከ ማግስቱ ሳልከፍት ነው ያቀዘቀዝኩት። መብራትም አልጠፋም፤ የመቆጣጠሪያውን መዝገብ ፎቶ አያይዣለሁ።

ቢሆንም ተጠራጥሬ ምድጃዬን ፈተንኩት። ከእናንተ ዳይክሮይክ አንድ ቁራጭ፣ አምና ከሌላ ቦታ ከገዛሁት ባለ 96 መስታወት አንድ ቁራጭ፣ ሁለቱንም በአንድ ጥርት ያለ መስታወት ላይ በአንድ ሌሊት አቅልጬ በመስታወት ውስጥ ያለን ውጥረት በሚያሳዩ ሁለት ፖላራይዘር ፊልሞች መካከል አየኋቸው። በአምናው ዙሪያ ምንም የለም። በእናንተው ዙሪያ ነጭ የብርሃን ቀለበት ወጣ፤ ይህ ሁለቱ መስታወቶች እኩል ባለመኮማተራቸው የተፈጠረ ውጥረት ነው። ጥፋቱ የምድጃው ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም በአበላሸ ነበር። እንደ እኔ ግምት የሸጣችሁልኝ ዳይክሮይክ ባለ 90 ነው። 90 ብቻውን ጥሩ መስታወት ነው፤ ከ96 ጋር ግን አብሮ አይቀልጥም።

ስትሪፑን በተመለከተ፣ ያዘዝኩት ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን የሚሰጠውን 3000 ኬልቪን ሲሆን ጥቅሉ ላይ የታተመው 6500 ነው። ሳላይ ፈርሜ መረከቤ የእኔ ጥፋት መሆኑን አምናለሁ። ግን በዚያ ሰማያዊ ነጭ ብርሃን የማር ቀለም ያለው መደብ እንደ መድኃኒት ቤት መስኮት ሆነ።

ስለዚህ 3ቱ ዳይክሮይክ በተፈተነ ባለ 96 እንዲተኩልኝ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስልኝ፣ ስትሪፑ እንዲቀየርልኝ፣ በ5ቱ ገጾች የጠፋው ጥርት ያለ መስታወት እንዲካስልኝ እጠይቃለሁ። የድካሜንና የኤሌክትሪኩን አልጠየቅኩም። እስከ ኅዳር 20 መልስ ካላገኘሁ ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመለክታለሁ።

አሁንም ምድጃውን የምትጠረጥሩ ከሆነ፣ ባለሙያችሁ ከመጋዘናችሁ አንድ ቁራጭ ይዘው ሐሙስ ይምጡ። አብረን እናቀልጠዋለን፤ ፊልሞቹ ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው።

ከሰላምታ ጋር
የመስታወት ሥራ ባለሙያ
አባሪ፦ የደረሰኝ ቅጂ፣ 6 ፎቶዎች